«ከእኔ ይረዝማል»፦ የእንግሊዝኛ ቅጽልና ማበላለጫ በአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ዘንድ

«5 ከ3 ይበልጣል።» በአማራ ክልል የጋይንት፣ የስማዳም ሆነ የእስቴ ልጅ ይህችን ዓረፍተ ነገር የሚያውቃት ገና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፍ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና ያችው ሒሳብ «ፋይቭ ኢዝ ግሬተር ዛን ስሪ» ሆና ትመጣበታለች። ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው፤ የማበላለጫ ምልክቷም አልተለወጠችም። የተለወጠው ማበላለጡን የሚሸከመው ቃል ነው። በአማርኛው «ይበልጣል» የተባለው ግስ ብቻውን ይሠራው የነበረውን ሥራ በእንግሊዝኛው «ግሬት» የተባለው ቅጽል ጭራ ቀጥሎ ይሠራዋል። «ኢዝ» የተባለው ግስ ግን ከማያያዝ ያለፈ ድርሻ የለውም።

በትምህርት ቤቶቻችን ይህ ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ዓምድ ባለው ሰንጠረዥ ነው። ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት፤ ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት፤ ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት። ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፣ በፈተናም ይመልሰዋል። በራሱ አፍ ሲናገርና በራሱ እጅ ሲጽፍ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ለመሆኑ ሰንጠረዡ የሚያስተምረው ነገር ለአማርኛ ተናጋሪው ከባድ የሆነበት ነገር ነውን? በዚህ ላይ የሰዋስው ጸሐፊዎችና የቋንቋ ትምህርት አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ከቤት እንጀምር።

ከግእዝ የመጣ ልማድ

በግስ ማበላለጥ አማርኛ ብቻውን ያመጣው ልማድ አይደለም። ግእዝ «ይኄይስ» ብሎ የሚሻለውን በግስ ይናገርና የሚበለጠውን ወገን «እም» በሚለው የመነሻ ቃል ያስከትላል። አማርኛ በ«እም» ቦታ «ከ»ን ተካ እንጂ አሠራሩን አልለወጠውም። ዕብራይስጥና ዐረብኛም የሚበለጠውን ወገን «ሚን» በተባለ የመነሻ ቃል ያመለክታሉ። ዐረብኛ ግን አንድ ጭማሪ አለው፤ «ከቢር»ን «አክበር» የሚያደርግ፣ ለማበላለጥ ብቻ የተበጀ የቅጽል ቅርጽ። ግእዝና አማርኛ እንዲህ ያለ ቅርጽ የላቸውም። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ወይም በዋድላ ቅኔ ቤት ያለፈ ተማሪ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። «እም»ን «ከ» ብሎ መተርጎም የዕለት ሥራው ነውና።

አማርኛ ለማበላለጥ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው «ከእኔ ይረዝማል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ «ከ» መነሻውን ያሳያል፣ የባሕርዩም ግስ (ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይሰፋል፣ ይከብዳል) መብለጡን በራሱ ይናገራል። ሁለተኛው «በቁመት ይበልጠኛል» ነው። በዚህኛው መብለጡ ራሱ ዋና ግስ ይሆናል፣ የሚበለጠው ሰው ተሳቢ ይሆናል፣ ባሕርዩ ደግሞ በ«በ» ተነጥሎ ይቆማል። ሆላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮን ስታሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፉ የዓለም ቋንቋዎች የሚያበላልጡባቸውን መንገዶች በዓይነት ሲከፋፍል የመነሻውን መንገድና «የመብለጥ ግስ»ን መንገድ ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። የኋለኛው በአፍሪካ ቋንቋዎች በብዛት ይታያል። አማርኛ በመጀመሪያው ጎራ ቢመደብም ሁለተኛውንም በሙሉ አቅሙ ይጠቀምበታል። የጋይንት ሽማግሌ «በዕድሜ ይበልጠኛል» ሲል የምንሰማው ይህንኑ መንገድ ነው።

«ይልቅ» እና «ይበልጥ» የሚባሉት፣ ዛሬ እንደ ተውሳከ ግስ የምንቆጥራቸው ቃላት እንኳ የረጉ ግሶች ናቸው። አንዱ ከ«ላቀ»፣ ሌላው ከ«በለጠ» የወጣ ነው። ቅጽሉ ዳር ቆሞ ያያል እንጂ ማበላለጡን አይሠራም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ማየት ይገባል፤ ለማስተማር ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። «ረጅም» «ረዘመ» አለው፣ «ሰፊ» «ሰፋ» አለው፣ «ቀላል» «ቀለለ» አለው። «ጥሩ» ግን የራሱ ግስ የለውም። ስለዚህ ስናበላልጥ ሌላ ሥር እንዋሳለን፤ «ይሻላል»፣ «የተሻለ» እንላለን። «መጥፎ»ንም እንዲሁ «ይብሳል»፣ «የባሰ» በሚሉት እንተካዋለን። «ጥሩ፣ የተሻለ፤ መጥፎ፣ የባሰ» የሚለውን ከ«ጉድ፣ ቤተር፤ ባድ፣ ወርስ» አጠገብ ብናስቀምጠው ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ማድረጋቸው ይታያል። ተማሪው ከሥርዓት ውጪ የሆነ የእንግሊዝ አመል ብሎ የሚሸመድደው ነገር እናቱ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከምትናገረው ጋር ይገጥማል።

የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም ሱፐርላቲቭ የሚባለው፣ በአማርኛ የራሱ ቅርጽ የለውም። «ከሁሉ ይበልጣል» እንላለን፣ ወይም ቅጽሉን የታወቀ እናደርገዋለን፤ «ትልቁ»፣ «ረጅሟ»። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲወስዱ የነበረውን ጉዞ የሚተርክ ሰው «ትልቁን መድፍ አስጎተቱ» ቢል፣ ያ «ትልቁ» በእንግሊዝኛ «ዘ ቢግ»፣ «ዘ ቢገር» ወይም «ዘ ቢገስት» ሊሆን ይችላል። ስንት መድፍ እንደነበረና የትኛው ከየትኛው እንደተነጻጸረ ካላወቅን አንዱን መምረጥ አንችልም። አማርኛ ለሰሚው የሚተወውን እንግሊዝኛ ከተናጋሪው ይጠይቃል።

እኩልነትም የራሱ ጣጣ አለው። «የእሷን ያህል ይረዝማል» ግልጽ ነው። «እንደ እሷ ረጅም አይደለም» ግን ለሁለት ይተረጎማል። ወይ እሷ ረጅም ናት፣ እሱ ግን የእሷን ያህል አይደለም፤ ወይ ደግሞ ሁለቱም ረጃጅሞች አይደሉም። እንግሊዝኛ «ኖት አዝ ቶል አዝ» ብሎ የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል። ይህን ልዩነት የሚያስተምር ሰንጠረዥ የለም።

ቅጽል ምን ያህል ቅጽል ነው?

ማበላለጡ የግስ ሥራ ከሆነ ቅጽል የሚባለው ክፍል በአማርኛ ራሱን የቻለ ነው ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ስለ አማርኛ ሰዋስው በታተመ መጽሐፍ መጻፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። ያን መጽሐፍ ያዘጋጀው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ እውቀቱን ያገኘው ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ደግሞ ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው ለንደን ውስጥ አሳተመ። ሁለቱም የአውሮፓን የቃል ክፍሎች አከፋፈል ይዘው ነው ወደ አማርኛ የመጡት።

ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» የስምንት ክፍሉን አከፋፈል ለአማርኛ አመቻችተው አቀረቡት። በዚህ ልማድ ቅጽል ሰፊ ቤት ነው። «ትልቅ» ብቻ ሳይሆን «ይህ»፣ «ሁለት»፣ «የእኔ» የሚሉትም ስምን እስከገለጹ ድረስ ይገቡበታል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ትምህርትም በተመሳሳይ መንገድ የሚያመለክት ቅጽል፣ የቁጥር ቅጽል፣ የባለቤትነት ቅጽል እያለ ይከፋፍል ስለነበር የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን በአንድ ቋንቋ ይግባቡ ነበር።

ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው»ን ሲያወጡ መስፈርቱ ተለወጠ። የቃል ክፍሎችን ከትርጉም ይልቅ በቅርጽና በአገባብ ለይተው ወደ አምስት አወረዷቸው፤ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ። ቅጽል ክፍልነቱን አላጣም፣ ቤቱ ግን ጠበበ። በእንግሊዝኛም በኩል ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ራንዶልፍ ኰርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሃድልስተንና ፑለም ደግሞ በ2002 ባሳተሟቸው ታላላቅ የሰዋስው መጻሕፍት «ዚስ»፣ «ማይ» እና የመሳሰሉት ከቅጽል ተለይተው ሌላ ክፍል ውስጥ ገብተዋል።

ይህ ክርክር ከመማሪያ ክፍል የራቀ አይደለም። ጠባቡን ትርጉም ከያዝን «ደረጃ የሚቀበል ቃል» የሚለው መለኪያ ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። «በጣም ትልቅ» ይባላል፣ «በጣም ሁለት» አይባልም። ሰፊውን ከያዝን ግን ተማሪው «ደረጃ የሚቀበሉት የትኞቹ ቅጽሎች ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያጥረናል። የቆየው አከፋፈል ለቅኔና ለአገባብ ትምህርት ያለውን ጥቅም ሳልነካ፣ ለእንግሊዝኛ ማበላለጫ ጠባቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግሊዞችም አልተስማሙም

ተማሪዎቻችን ሕግ ብለው የሚቀበሉት ብዙ ነገር በእንግሊዝኛ ውስጥ ገና የሚያከራክር ነው። «ዛን» እና «ዜን» ዛሬ በጽሑፍ ቢለያዩም ጥንት አንድ ቃል ነበሩ፤ ተለይተው መጻፍ የጸኑት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። አማርኛ «ከዚያ ተነሥቶ» ብሎ ሲያበላልጥ እንግሊዝኛ በመሠረቱ «ከዚያ ቀጥሎ» የሚል ቃል ይዞ ያበላልጣል ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት የሚያምታታ ተማሪ ታሪክ ዘግይቶ የለያቸውን ነው የሚያምታታው።

ድርብ ማበላለጫን እንይ። «ሞር ቤተር»፣ «ሞር ቶለር» የሚሉት ዛሬ የታወቁ ስሕተቶች ናቸው። ሼክስፒር ግን በተውኔቶቹ ድርቡን ይጠቀም ነበር፤ የዘመኑ ጸሐፊ ቤን ጆንሰንም በሰዋስው መጽሐፉ እንደ ጌጥ ቆጥሮታል። ድርቡን ከጥሩ እንግሊዝኛ ያስወጡት እንደ ጳጳሱ ሮበርት ላውዝ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የላውዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1762 ታትሟል። የሁለቱ መንገዶች፣ የጭራውና የ«ሞር»፣ መነሻም ሲያከራክር ኖሯል። ለረጅም ጊዜ «ሞር» ከፈረንሳይኛና ከላቲን ተጽዕኖ የመጣ ነው ሲባል ቆየ። ቪክቶሪና ጎንዛሌዝ ዲያዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጥናት ግን መንገዱ ከኖርማኖች መምጣት በፊት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ እንደነበረ አሳይታለች።

አንድ ድምፀ ቃል (ሲለብል) ያለው ቃል ጭራ ይቀጥላል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው «ሞር» ይወስዳል። በመካከል ያሉት ባለሁለቶች ግን አስቸጋሪዎች ናቸው። «ኮመን» ሁለቱንም ይቀበላል። ብሪታ ሞንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ተናጋሪው «ሞር»ን የሚመርጠው ዓረፍተ ነገሩ ሲወሳሰብበት ነው፤ «ሞር» ለሰሚው ማበላለጥ እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ያሳውቃል ትላለች። የድምፅን ርዝመት ብቻ የሚያዩት ወገኖች ይህ አያሳምናቸውም። ፈተና አዘጋጆች እንዲህ ባለ ቃል ላይ አንዱን ብቻ «ትክክል» ብለው ሲያስቀምጡ ተማሪው የሚቀጣው ቋንቋው ራሱ ባልወሰነበት ነገር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «ዛን ሚ» ወይስ «ዛን አይ» የሚለው ከላውዝ ዘመን ጀምሮ ሲያነታርክ ኖሮ ዛሬ ሁለቱም ይጻፋሉ። «ሌስ»ን ለሚቆጠር ነገር አለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ ሰው እንደ ምርጫው ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ውሎ አድሮ ሕግ ተባለ። ከሁለት ነገሮች መካከል ሲመረጥ «ዘ ቶለር» ይበል፣ «ዘ ቶለስት» አይበል የሚለውንም ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሁልጊዜ አይጠብቁትም። አማርኛ በ«ከሁለቱ ረጅሙ» ይገላገለዋል።

አንድ ነጥብ ግን ከአካባቢው ስም ጋር ስለሚገናኝ ልቆይበት። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ «አፐር» እና «ሎወር» ይባላሉ። በአማርኛ «ላይ» እና «ታች» ማበላለጫ አይደሉም፤ ቦታ ናቸው። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በማበላለጫ ጭራ ይናገራቸዋል። ሆኖም «አፐር ዛን» አይባልም፤ «ሎወር ዛን» ግን ይባላል። «አፐር» መልኩ የማበላለጫ ሆኖ ሥራው ተራ ቅጽል ሆኗል ማለት ነው። ከላቲን የመጡት «ሲኒየር»፣ «ጁኒየር»፣ «ሱፒሪየር»ም በመነሻቸው ማበላለጫዎች ናቸው፤ በ«ዛን» ፈንታ «ቱ» ይከተላቸዋል። የእኛው «ታላቅ» እና «ታናሽ»ም ይህን ይመስላሉ። «ታላቄ ነው» ሲባል ማበላለጡ ቃሉ ውስጥ አለ፣ «ከእኔ» ማለት አያስፈልግም። መምህር ከ«ታላቄ» ተነሥቶ ወደ «ሲኒየር ቱ» ቢሄድ መንገዱ አጭር ነው።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊው ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ቋንቋዎች በሚለያዩበት ቦታ ተማሪው ይሰናከላል፣ በሚመሳሰሉበት ይቀለዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዛዊው ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን አዞረው። ስሕተት ተማሪው በራሱ የሚገነባውን ሥርዓት የሚያሳይ ምልክት ነው አለ። ላሪ ሴሊንከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ያንን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚገኝ የተማሪ ቋንቋ ስም አወጣለት።

የእኛ ተማሪ ስሕተቶች ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሰጣሉ፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ግን ስሕተት ነው። «ሂ ኢዝ ቶል ፍሮም ሚ» የሚለው ምንጩ አያጠያይቅም። «ከ» ወደ «ፍሮም» ተተረጎመ፣ የ«ይረዝማል» ሥራም ቤት አጥቶ ቀረ። «ትላልቅ ቤቶች»ን «ቢግስ ሃውስስ» ማለትም ከአማርኛ የመጣ ነው፤ የእኛ ቅጽል ይበዛልና። «በጣም» ሁለት ሥራ ስላለው «ቬሪ» እና «ቱ» መምታታታቸውም እንዲሁ። «በጣም ደስ ብሎኛል» የሚል ሰው «አይ አም ቱ ሃፒ» ሲል እንግሊዛዊው ደስታው ከልክ አልፏል ብሎ ይሰማል።

«ሞር ቶለር» ግን ቀላል አይደለም። አንዱ ወገን «ይበልጥ ይረዝማል» ከሚለው የአማርኛ አነጋገር የመጣ ነው ይላል፤ ሁለት የመብለጥ ምልክቶች በአንድ ላይ መቆም በአማርኛ ነውር አይደለምና። ሌላው ወገን ደግሞ እንግሊዝኛን አፍ የፈቱበት ልጆችም «ሞር ቢገር»፣ «ጉደር»፣ «ባደር» እንደሚሉ ያስታውሳል። የእነሱ አማርኛ ከየት መጣ? እኔ የማደላው ሁለቱም ምክንያቶች በአንድ ቃል ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ወደሚለው ነው። ማንኛውም ልጅ የሚያልፍበትን ስሕተት አማርኛ ዕድሜ ያረዝምለታል። ልዩነቱ ለመምህሩ ጠቃሚ ነው። ልጅ በራሱ ጊዜ የሚተወውን ስሕተት መታገስ ይቻላል፤ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ድጋፍ ያለው ስሕተት ግን በግልጽ ካልተነገረ አይለቅም።

አንድ ተጨማሪ ምክንያት ብዙ ሲጠቀስ አላየሁም፤ ፊደላችን ነው። የጭራው ሕግ በድምፀ ቃል ቁጥር ላይ የቆመ ነው። «ስትሮንግ» በእንግሊዝኛ አንድ ድምፀ ቃል ብቻ ነው። በፊደላችን ግን አምስት ፊደል ይወስዳል፤ በአፋችንም ሳድሱ በየመሀሉ እየገባ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ተማሪው ሕጉን ጠብቆ፣ የሰማውን ቆጥሮ «ሞር ስትሮንግ» ቢል ያልሠራው ቆጠራው እንጂ ሕጉ አይደለም። «ሞር» የት ይገባል የሚለው ትምህርት ከአነባበብ ትምህርት ሊለይ እንደማይችል ይህ ያሳያል።

የ«ቦሪንግ» እና የ«ቦርድ» መምታታት ደግሞ ከቅጽል ወደ ግስ ይመልሰናል። «ሰልችቶኛል» ያለው ሰው «አይ አም ቦሪንግ» ብሎ ራሱን አሰልቺ ያደርጋል። አማርኛ ልዩነቱን ያውቃል፤ «አሰልቺ» እና «የሰለቸው»፣ «አስፈሪ» እና «ፈሪ» ብሎ ይለያል። ይህን ጥንድ በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መምህር ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከዘፈን እስከ ፕላዝማ፦ አሰጣጡ

በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዘመን ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን ያገኘው ጣልያን ከወጣ በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ በሆነባቸው በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለውን ያዘ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካውያን መጡ። የማበላለጫ ደረጃዎችን በዜማ እየደጋገሙ የማስያዝ ልማድም ነበር። ጥቅሙን መካድ አይገባም። ሥርዓት ያልጠበቁትን ቃላት በቃል ማስያዝ የሚያስፈልግ ሥራ ነው፣ ዜማውም ሠርቶታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አደረገ። «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» የተባሉት የመማሪያ መጻሕፍት ሰዋስውን በንግግርና በሥራ ውስጥ አስገብተው ለማስተማር ሞከሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ገባ። በቴሌቪዥኑ የሚታየው መምህር ቶሎ ይናገር ነበር፣ ተማሪው አልገባኝም ቢል አይሰማውም ነበር። «ከ» እና «ዛን» ሲጋጩ ያየ መምህር ቆም ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ አልነበረውም።

በመግባቢያ ዘዴውና በሰዋስው ትምህርት ደጋፊዎች መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪው ሁለት ገበያዎችን፣ ሁለት ወንዞችን ሲያነጻጽር ማበላለጫው በራሱ ይመጣል ይላሉ። የሁለተኞቹ መልስ ተማሪው ሳያውቅ የአማርኛውን መንገድ እየተከተለ «ፍሮም» እያለ ሊያነጻጽር ይችላል የሚል ነው። ልምምድ ስሕተትንም ያጸናል። ሁለቱም ወገኖች የማይነኩት ነገር አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ መናገር እንደ ድክመት ስለሚታይ «ይበልጣል» እና «ግሬተር ዛን» ጎን ለጎን አይቆሙም። የትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት በካትሊን ሂው የተመራው፣ በ1999 ዓ.ም. የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ያ ጥናት ስለ ቅጽል አይናገርም። ነገር ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ የእንግሊዝኛ ጠላት ነው ለሚለው አስተሳሰብ መሠረት አልተወለትም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የችግሩን ስፋት ያሳያል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም፣ የጂኦግራፊውም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው። «ዘ ሌስት» እና «ዘ ሞስት» በጥድፊያ ውስጥ የተምታቱበት ተማሪ የሚያውቀውን ባዮሎጂ ይስታል።

ተጽዕኖው በሁለት በኩል

ጉዳዩ ወደ እንግሊዝኛ ብቻ የሚፈስ አይደለም። በዜናና በመግለጫ አማርኛ ውስጥ «ከመቼውም ጊዜ በላይ»፣ «እጅግ ውብ ከሆኑት አንዱ»፣ «የበለጠ ጠንካራ» የሚሉ አነጋገሮች በዝተዋል። አንዳንዶች እነዚህን ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጡ፣ የአማርኛን ለዛ የሚያበላሹ አድርገው ያያሉ። ሌሎች «ይበልጥ» ጥንትም የነበረ ነው፣ አዲሱ ነገር መብዛቱ ብቻ ነው ይላሉ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ግስ የሌለው ቅጽል ሲሆን «የበለጠ» ማለት ተገቢ ነው። ግስ እያለ ግን «ይጠነክራል» ማለትን ትቶ «የበለጠ ጠንካራ ነው» ማለት ያለንን መሣሪያ መጣል ነው። ልጆቻችን ይህን ከሬዲዮ ሲሰሙ ያድጋሉ። የአማርኛ ማበላለጫቸው ከግስ ወደ ቅጽል እየተሸጋገረ ከሄደ የእንግሊዝኛውም ስሕተት መልኩን መለወጡ አይቀርም፤ «ፍሮም» ቀርቶ «ሞር ቶለር» ሊበዛ ይችላል።

ዛሬ በአማራ ክልል በጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀው ባሉበት ጊዜ ስለ «ቶለር» እና «ቶለስት» መጻፍ ከችግሩ ጋር የማይመጣጠን ሊመስል ይችላል። ልጆቹ ሲመለሱ ግን ያመለጣቸውን ዓመታት የሚያካክሱበት ጊዜ አጭር ነው። አጭር ጊዜ ደግሞ ሰንጠረዥ መገልበጥን ሳይሆን ተማሪው ከሚያውቀው መነሣትን ይፈልጋል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ የመጀመሪያውን የማበላለጫ ክፍለ ጊዜ በ«ቶል፣ ቶለር» አትጀምሩት። በሰሌዳው በአንድ ወገን «ጥሩ፣ የተሻለ፤ መጥፎ፣ የባሰ» ብላችሁ ጻፉ፤ በሌላው ወገን «ከእኔ ይረዝማል» ብላችሁ ጻፉና ሥራውን የትኛው ቃል እንደሚሠራ ተማሪዎቹን ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ የሚሠሩትን ስሕተት አታጥፉት፤ በደብተር ሰብስቡት፣ በትምህርት ቤታችሁና በወረዳችሁ ካሉ ባልደረቦቻችሁ ጋር አነጻጽሩት፣ የትኛው ከአማርኛ የመጣ፣ የትኛው ደግሞ በማንኛውም ልጅ ላይ የሚታይ እንደሆነ ለዩት።